ቀዩ ይቅደም ወይስ ጥቁሩ? የቪትዝ ባትሪ ግቢ ውስጥ ልፈታ ነበር

መምህርት_ማርቆስ
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 1:20

ሰላም ናችሁ ወይ? ያለሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ባለቤቴ ለትምህርት አዲስ አበባ ስላለ መኪናዋ ከእኔ ጋር ናት። ቪትዝ ናት። ብዙም አልነዳትም። በዚህ ዓመት ብቻ 2 ጊዜ ባትሪዋ ሞቶብኝ ጎረቤት ለምኜ በገመድ አስነስቻታለሁ። አሁን ትምህርት ተዘግቷል፣ ልጆቹን ይዤ እናቴ ጋ ሞጣ ልሄድ ነው፣ አንድ ወር ገደማ እቆያለሁ። ቤንዚን ፍለጋ መሰለፉን ስላልቻልኩት መኪናዋን ግቢ ትቼ በአውቶቡስ ነው የምሄደው። ባለቤቴን በስልክ ሳማክረው "ባትሪውን ፈትተሽው ሂጂ" አለኝ። እንዴት ስለው "ቀላል ነው፣ ቁጥር 10 ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው" ብሎ ወደ ክፍል ገባ።

ሰፈራችን ያለ መካኒክ ጠየቅሁ። "መጀመሪያ ቀዩን ገመድ ፍቺ፣ ኮረንቲው ያለው እሱ ላይ ነው" አለኝ። ትምህርት ቤት ያለ ባልደረባዬ ደግሞ "ኧረ በፍጹም! ጥቁሩ ነው የሚቀድመው" አለ። ሁለቱም እርግጠኛ ሆነው ነው የሚናገሩት። ማንን ልመን? ባትሪ ፈንድቶ ሰው ፊት ላይ አሲድ እንደተረጨ ሰምቼ ስለማውቅ እፈራለሁ። እባካችሁ ምክንያቱንም ጨምራችሁ ንገሩኝ፣ ምክንያቱ ከገባኝ አልረሳውም።


የጣና_ዳር
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 1:48

ጥቁሩ ይቀድማል። ስትመልሺው ደግሞ ቀዩ ይቀድማል፣ ጥቁሩ መጨረሻ። እኔም ባሕር ዳር ቪትዝ አለኝ፣ ሁሌም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ባለቤትሽ ፍቺው ያለሽ ደግሞ እውነቱን ነው። መኪና ቆማም ትበላለች። ሰዓቱ፣ አላርሙ፣ የሪሞቱ መቀበያ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉ ትንሽ ትንሽ ይወስዳሉ። 50 ሚሊ አምፔር ቢወስዱ በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው። በ30 ቀን 36 ሆነ። የቪትዝ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ስለሆነ ከሞጣ ስትመለሺ ባዶ ነው የምታገኚው። ተፈትቶ የተቀመጠ ደህና ባትሪ ግን በወር የሚያጣው ጥቂት በመቶ ብቻ ነው።


ጋሼ_ብቸና
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 2:15

እህት ዓለም፣ መካኒኩ ያለሽን ስሚ። ቀዩ ነው የሚቀድመው። እኔ አሁን በጡረታ ነው ያለሁት እንጂ ከ30 ዓመት በላይ ጋራዥ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራ ያስተማረኝ ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፖዘቲቩን፣ ቀዩን ማለቴ ነው፣ ሳልፈታ ሌላ ነገር ስነካ ካየኝ በጥፊ ነበር የሚለኝ። አንድም ቀን ባትሪ ፈንድቶብኝ አያውቅም። ልጆቹ በስልክ የሚያነቡትን ከሚነግሩሽ በእጁ የሠራ ሰው ይሻልሻል።


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 3:05

እህቴ፣ ምክንያቱን መጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። እኔ ፍኖተ ሰላም ነው የምሠራው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራዬ ነው። ጋሼም ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በሥራ ስለሚቀድሙኝ ከእርስዎ ጋር ለመከራከር ብዬ አይደለም፣ ግን ልጆች ያሉበት ግቢ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ መንገድ ላይ በምናያቸው መኪኖች ኔጌቲቩ፣ ማለትም የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ ጥቁሩ ገመድ የሚታሰርበት ጫፍ፣ ከላሜራውና ከሞተሩ ብረት ጋር ታስሯል። ስለዚህ ኮፈኑ፣ ሻንሲው፣ ሞተሩ፣ ደገፍ የምትዪበት ብረት ሁሉ የባትሪው ኔጌቲቭ ነው ብለሽ አስቢው። አሁን ቀዩን ቀድመሽ ልትፈቺ ቁልፉን ብሎኑ ላይ አስገባሽ እንበል። ቁልፉ ብረት ነው። ስታዞሪው ሌላኛው ጫፉ ላሜራውን ነካ። በቃ፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ በቁልፉ በኩል ተገናኙ። መሀል ላይ የሚያድንሽ ፊውዝ የለም። የቪትዝ ባትሪ ትንሽ ቢሆንም በዚያች ቅጽበት ብዙ መቶ አምፔር ይለቃል። ቁልፉ ይግላል፣ አንዳንዴ ላሜራው ላይ እንደ ብየዳ ይጣበቃል፣ ፍንጣሪው ወደ ፊትሽ ይመጣል። ባትሪው ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከውስጡ ሃይድሮጂን ይወጣል፣ አየር ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። የሰማሽው ፍንዳታ እንደዚህ ነው የሚመጣው።

ጥቁሩን ቀድመሽ ብትፈቺስ? ቁልፉ ላሜራ ቢነካ ኔጌቲቭ ኔጌቲቭን ነካ፣ ምንም አይፈጠርም። ጥቁሩ ከተፈታ በኋላ ላሜራው ከባትሪው ተለያይቷል። ቀዩን ስትፈቺ ቁልፉ የትኛውንም የመኪና ብረት ቢነካ መንገዱ ተቆርጧል። ስትመልሺው በተቃራኒው የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በይ። ጥቁሩ ገመድ ከተፈታም በኋላ ባትሪው ራሱ ሙሉ ነው። ቁልፍ ወይም ካቻቢቴ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ተጋድሞ ከወደቀ ያው ነው። ባትሪው ላይ ዕቃ አታስቀምጪ። ከቻልሽ የቁልፉን እጀታ በኤሌክትሪክ ፕላስተር ጠቅልይው፣ የሚነክሰው ጫፍ ብቻ ይታይ።

"ኮረንቲ ይይዘኛል" የሚለው ፍርሃት ግን ይልቀቅሽ። 12 ቮልት ደረቅ እጅን አይዝም። ጉዳቱ በግለት፣ በፍንጣሪና በአሲድ ነው።


ጋሼ_ብቸና
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 3:40

ልጄ፣ የጻፍከውን 2 ጊዜ አነበብኩት። ላሜራው ኔጌቲቭ ነው ያልከውን ነው ያልገባኝ። እኔ ሥራ የለመድኩባቸው ላንድሮቨሮች ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቩ ነበር። በዓይኔ ያየሁት፣ በእጄ ያሰርኩት ነው። ይኼን እንዴት ታየዋለህ?


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 4:02

ጋሼ! ተገናኘን። እርስዎም ትክክል ነዎት፣ ያስተማሩዎትም ሰው ትክክል ነበሩ። በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1967 በፊት የተሠሩት ላንድሮቨሮች ሻንሲያቸው ፖዘቲቭ ነበር። ብዙ የድሮ የእንግሊዝ መኪኖች እንደዚያ ነበሩ። እነሱ ላይ መጀመሪያ መፈታት ያለበት ፖዘቲቩ ነው፣ ምክንያቱም ሻንሲ ላይ የታሰረው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ኢንዱስትሪው በሙሉ ወደ ኔጌቲቭ ዞረ። መኪናው ተቀየረ፣ ትምህርቱ ግን ከአስተማሪ ወደ ተማሪ ሳይቀየር ወረደ። እኔ ራሴ ዛሬም ቀዩን አስቀድመው የሚፈቱ ወጣት መካኒኮች አያለሁ፣ ለምን ስላቸው "ጋሼ እንደዚህ ነው ያሳዩን" ነው መልሳቸው።

ስለዚህ ሕጉ ስለ ቀለም አይደለም። ከመኪናው ብረት ጋር የታሰረው መጀመሪያ ይፈታል፣ መጨረሻ ይታሰራል። ለቪትዝም ለኮሮላም ለአይሱዙም ይሠራል፣ ለእርስዎ ላንድሮቨርም ይሠራል።


ጋሼ_ብቸና
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 4:20

ይኼን ያህል ዘመን ስሠራ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ተባረክ ልጄ። እህት ዓለም፣ የእኔን ምክር ተዪው፣ የእሱን ስሚ። ነገ ብቸና ጋራዥ ላሉት ልጆችም እነግራቸዋለሁ፣ ከእኔ ነው የለመዱት።


የጣና_ዳር
ሐምሌ 2፣ ከምሽቱ 4:31

ጋሼ ክብር ይስጥልን።

ስለ ቀለም ከተነሳ አንድ ልጨምር። ገመድ ሲቀየር ባለሙያው እጁ ላይ ያለውን ነው የሚያስረው። የወንድሜ ኮሮላ ላይ ሁለቱም ገመድ ጥቁር ነው። ስለዚህ የገመዱን ቀለም ሳይሆን ባትሪው ላይ የተቀረጸውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት እዩ። ምልክቱ በአቧራ ከተሸፈነ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ፖዘቲቩ ጫፍ ወፈር ይላል፣ ግን ጎን ለጎን ካላዩት አይለይም። ከሁሉም የሚሻለው ገመዱን በዓይን መከተል ነው፣ አጭር ሆኖ ሄዶ ላሜራ ላይ በብሎን የታሰረው ኔጌቲቩ ነው።


ባጃጅ_ዳንግላ
ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 12:50

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው፣ የባጃጅም ባትሪ ያው 12 ቮልት ነው። ስለ ቀለበት ማንም አልተናገረም፣ እኔ ልናገር።

የዛሬ 3 ዓመት ባትሪ ሳጠብቅ የጋብቻ ቀለበቴ በአንድ በኩል ቁልፉን፣ በሌላ በኩል ብረቱን ነካ። ሰከንድ አልሞላም። ቀለበቱ ጣቴ ላይ እንደ ፍም ጋለ፣ ላወልቀው ብል ጣቴ አብጦ እምቢ አለኝ። ምራቄን እየተፋሁበት፣ ውሃ ያለበት ቤት እስክደርስ ድረስ የነበረውን ስቃይ እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬም ጣቴ ዙሪያውን ጠባሳ አለበት። ባለቤቴ ያን ቀለበት አስፍታ አሰርታልኝ አሁን ሥራ ስጀምር አውልቄ ኪሴ ነው የማስገባው።

ቀለበት፣ የብረት ሰዓት፣ አምባር አውልቁ። የአንገት መስቀልም አለ። እኛ አገር የብር መስቀል ያላሰረ ስንት ሰው አለ? ኮፈን ውስጥ ጎንበስ ሲሉ ተንጠልጥሎ ባትሪው ላይ ነው የሚያርፈው። ማተባችሁን ፍቱ አላልኩም፣ መስቀሉን ከሸሚዝ ውስጥ አስገቡና እስከ አንገት ቆልፉ።


ነርስ_ሞጣ
ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 2:10

የባጃጁ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ጣትህን አተረፈልህ። እንዲህ ዓይነት ቃጠሎ እኛ ጋ ይመጣል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ቅቤ ተቀብቶበት፣ ወይ የጥርስ ሳሙና ተለቅልቆበት ነው። እባካችሁ እሱን ተዉት። ቃጠሎ የሚፈልገው ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፣ 20 ደቂቃ ያህል።

አሲድ ቆዳ ላይ ከፈሰሰም መጀመሪያ ውሃ ነው፣ ብዙ ውሃ፣ የነካውን ልብስም ወዲያው ማውለቅ። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓይኑን በጣት ከፍቶ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ውሃ ማፍሰስ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም። "ትንሽ ልየውና" ማለት አያስፈልግም። ሰው ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ ነው ዓይኑ የሚጎዳው፣ ስለዚህ ሥራውን ሳትጀምሪ አንድ ጀሪካን ውሃ አጠገብሽ አድርጊ። የፀሐይ መነጽርም ቢሆን አድርጊ፣ ከምንም ይሻላል። ነጠላሽን አውልቂው፣ ጫፉ ባትሪው ላይ ይጎተታል፣ የአሲድ ጠብታ ደግሞ የጥጥ ልብስን ከታጠበ በኋላ ነው በቀዳዳ የሚያሳይሽ።

ሞጣ በሰላም ነይ። እናትሽንም ሰላም በይልኝ፣ ባላውቃቸውም።


የጣና_ዳር
ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 3:30

አንድ የሚያቃጥለኝን ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ የሚያነብ ሌላ ሰው ሊጠቀም ይችላል። አምና መኪናዬ ቻርጅ አልያዝ ስትለኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። ባለሙያው ሞተሩን አስነሳና እየሠራ እያለ የባትሪውን ገመድ ነቀለው። "ሞተሩ ካልጠፋ ዲናሞው ጤነኛ ነው" አለኝ። ሞተሩ አልጠፋም። ሬዲዮው ግን ጠፋ፣ ተመልሶም አልሠራም። ዳሽ ቦርዱ ላይ የኤርባግ መብራት በርቶ ቀረ። ከፈልኩ፣ ወጣሁ፣ ችግሩ ግን ከእኔ ጋር ወጣ።


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 3፣ ከጠዋቱ 4:15

ወንድሜ፣ በጣም ያሳዝናል። ያ ፍተሻ የዱሮ ነው፣ ኮምፒውተር ላልነበራቸው መኪኖች። ዲናሞው ሲሠራ ባትሪው እንደ ትራስ ነው፣ የሚዘለውን ቮልቴጅ ይቀበላል። ትራሱን ድንገት ስትነቅለው ዲናሞው የሚያመርተው መሄጃ ያጣና ቮልቴጁ ለቅጽበት ሽቅብ ይዘላል፣ ብዙ አስር ቮልት ሊደርስ ይችላል። የሬዲዮና የኮምፒውተር ቺፕ ያንን አይችልም።

ዲናሞ የሚፈተሸው በቮልት መለኪያ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው ጫፍ ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ ካሳየ ዲናሞው ያመርታል ማለት ነው። መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም። ሞተር እየሠራ ባትሪ የሚነቅል ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።


ቡሬ_አይሱዙ
ሐምሌ 3፣ ከሰዓት 8:40

እኔ ጋ 2 ባትሪ ነው ያለው። ከቡሬ በቆሎ ጭኜ ነው የምሄደው። 2 ሲሆን የቱ ነው የሚቀድመው?


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 3፣ ከሰዓት 9:10

የአንተ 24 ቮልት ነው፣ ሁለቱ 12ቶች ተያይዘው። ሕጉ ያው ነው። ከሻንሲ የታሰረውን ኔጌቲቭ መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውን አጭር ገመድ፣ መጨረሻ ፖዘቲቩን። የከባድ መኪና ባትሪ ክብደት አለው፣ ለሁለት አንሱት። እንዳታጋድሉት።


መምህርት_ማርቆስ
ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 12:45

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ገባኝ። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁት፣ ጥቁሩ አጭር ገመድ ነው፣ ላሜራው ላይ ታስሯል፣ ምልክቱም ይታያል። ጋሼንም አመሰግናለሁ፣ እርስዎ ባይጠይቁ ይኼ ሁሉ አይወጣም ነበር።

4 ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ቀዩ ጫፍ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፣ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ገመዱን ብቻ ልፍታ ወይስ ባትሪውን አውጥቼ ቤት ላስገባው? እናቴ ቤት መብራት ስለሚጠፋ ይዤው ሄጄ አምፖል ባበራበት ብዬም አስቤ ነበር። ሦስተኛ፣ ከዚህ በፊት ባትሪ ስትቀየር ስክሪኑ በጃፓንኛ ጽፎ አልከፈት ብሎ ነበር። አራተኛ፣ አሁን ዝናብ ነው፣ መኪናዋ ከጣሪያ ውጪ ናት።


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 3፣ ከምሽቱ 2:30

ዱቄቱ ከአሲዱ ትነት የሚመጣ ዝገት ነው። በእጅሽ አትንኪው፣ እፍም አትበዪው። ገመዶቹ ሁለቱም ከተፈቱ በኋላ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ በጥብጪና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጥረጊው። ይፈላል፣ አትደንግጪ፣ አሲዱን እየገደለው ነው። ባትሪው ላይ የሚከፈቱ ክዳኖች ካሉት ጥብቅ መሆናቸውን እይ፣ ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ ባትሪውን ያበላሸዋል። አንዳንዱ ለስላሳ ያፈስበታል፣ ያጸዳል ግን ስኳሩ ይቀራል፣ እኔ አልወደውም። ከደረቀና መልሰሽ ካሰርሽው በኋላ ከላይ ቫዝሊን ቀቢው።

የገመዱ ማሰሪያ ብሎኑ ላልቶም አልወጣ ሊልሽ ይችላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው ባትሪ የሚሰብረው። በካቻቢቴ ከስር አትፈንቅይው፣ በመዶሻም አትምቺው። የእርሳስ ጫፍ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ሥሩ ላይ ከተሰነጠቀ አሲድ ያንጠባጥባል። ብሎኑን በደንብ አላልተሽ ማሰሪያውን ግራና ቀኝ እያወዛወዝሽ ወደ ላይ ሳቢው። ደርቆ ከተጣበቀ ትንሽ ሙቅ ውሃ አፍስሺበትና ጠብቂ።

ወር ለሚቆም መኪና ጥቁሩን ብቻ መፍታት ይበቃል፣ መንገዱ በአንድ በኩል ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። የተፈታውን ገመድ ግን ዝም ብለሽ አትተዪው፣ ተመልሶ ሄዶ ጫፉን ይነካል። ያለቀ የብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠሽ ጠቅልይውና ወደ ጎን እሰሪው። ኮፈኑ ውስጥ ስለሆነ ዝናቡም አያሳስብሽ፣ ስትፈቺ ብቻ ዝናብ አይኑር።

አምፖል ለማብራት ያልሽውን ግን ተዪው። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተሩን የሚያስነሳውን፣ ለጥቂት ሰከንድ በኃይል ለማዞር ነው። ቀስ ብሎ እስከ ታች መውረድ አይችልም፣ ጥቂት ጊዜ ባዶ ካደረግሽው ይሞታል። ለቤት መብራት የሶላር ባትሪ ለብቻው አለ። ደግሞ ሰው ባትሪ ቤት ውስጥ ቻርጅ እያደረገ እዚያው ክፍል ቡና ያፈላል፣ ከሰል እየተቀጣጠለ! ሃይድሮጂኑ ከየት እንደሚወጣ ከላይ ጽፌዋለሁ። ባትሪ ቻርጅ የሚደረገው ደጅ ነው፣ በረንዳ ላይ፣ ከእሳትም ከልጆችም ርቆ።

ሳትፈቺው በፊት ግን ሙሉ ይሁን። ባዶ ሆኖ ወር የተቀመጠ ባትሪ ውስጡ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ በኋላ ቻርጅ አይቀበልም። መለኪያ ካገኘሽ፣ መኪናዋ አድራ ጠዋት 12.6 ካሳየ ሙሉ ነው። 12.2 ግማሽ ነው። ከ12 በታች ባዶ ሊባል ይችላል። ሙሉ ካልሆነ መጀመሪያ ቻርጅ አስደርጊው። 2 ጊዜ ሞቶብሻል፣ እኔ ብሆን አስለካው ነበር።

የጃፓኑ ስክሪን የካርታ ካርዱን ነው የሚፈልገው። ካርዱ ውስጡ ካለ አታውጪው። ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ባለቤትሽ ኮዱን ያውቅ እንደሆነ አሁኑኑ ጠይቂው፣ ከፈታሽው በኋላ ሳይሆን።

ሲጀመር ሞተር ጠፍቶ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ቁልፉ ወጥቶ ኪስሽ ይግባ። ባትሪ ሲፈታ በሪሞት መክፈት አይቻልም፣ ቁልፉ መኪና ውስጥ ቢቀር እጅሽ ላይ ምንም የለም።


ኤሌክትሪክ_ባሕር_ዳር
ሐምሌ 4፣ ከጠዋቱ 3:00

ይቅርታ በመሀል ገባሁ። በ2016 የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ በኋላ የኤሌክትሪክ መኪና ነው የገዛሁት። እሱም ኮፈን ውስጥ ትንሽ ባትሪ አለው። እንደዚሁ ነው የሚፈታው?


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ሐምሌ 4፣ ከጠዋቱ 3:25

ትንሹ 12 ቮልት ነው፣ በሮችና መብራቶች በእሱ ነው የሚሠሩት፣ ቅደም ተከተሉም ያው ነው። ግን መኪናው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ፣ ቻርጀሩም ተነቅሎ መሆን አለበት፣ የመኪናህንም መመሪያ ደብተር አንብብ፣ ከመኪና መኪና ይለያያል። ብርቱካናማ ገመድ ያየህበት ቦታ ግን እጅህ አይሂድ። እሱ መቶዎች ቮልት ነው። ይይዛል፣ ይገድላል። ከላይ "አይዝም" ያልኩት ለ12ቱ ብቻ ነው።


ነርስ_ሞጣ
ሐምሌ 4፣ ከረፋዱ 4:50

አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያረጀ ባትሪ ለቁራሌ ከመሸጣችሁ በፊት አሲዱን ግቢ ውስጥ አትድፉት። ውስጡ እርሳስ አለ፣ አፈር ላይ ይቀራል፣ ሕፃናት ደግሞ አፈር ላይ ነው የሚጫወቱት። የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። እንዳለ፣ ከነውሃው ስጡት።


መምህርት_ማርቆስ
ሐምሌ 5፣ ከሰዓት 9:15

ፈታሁት! ትናንት አስለካሁት፣ 12.3 ነበር፣ ሌሊቱን ቻርጅ አስደረግሁት። ዛሬ ዝናቡ ሲያባራ ልጆቹን ጎረቤት ላክሁ፣ ጀሪካኑን አቀረብሁ፣ ቀለበቴን አውልቄ መሀረብ ውስጥ ቋጠርሁት፣ መስቀሌን ወደ ውስጥ አስገባሁ። ማሰሪያው እንዳላችሁት እምቢ ብሎ ነበር። እጄ ካቻቢቴው ጋ ደርሶ ተመለሰ። ሙቅ ውሃ አፈሰስሁበት፣ 5 ደቂቃ ቆይቼ ሳወዛውዘው እሺ አለ። ዱቄቱን ማጽዳት ስላለብኝ ቀዩንም ፈታሁት፣ ከዚያ መልሼ አሰርሁት። ጥቁሩ በላስቲክ ተጠቅልሎ ወደ ጎን ታስሯል።

የሰፈራችን መካኒክ አጥር ላይ ቆሞ ያየኝ ነበር። "ለምን ጥቁሩን አስቀደምሽ?" አለኝ። የላንድሮቨሩን ታሪክ ነገርኩት። ኮፈኑን እንደገና አስከፈተኝና ገመዱን እስከ ላሜራው ድረስ በጣቱ ተከተለው። ሌላ አልተናገረም።


ጋሼ_ብቸና
ሐምሌ 5፣ ከምሽቱ 1:00

ጎበዝ ልጅ። በሰላም ግቢ።


መምህርት_ማርቆስ
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 4:05

ከሞጣ ተመልሻለሁ። ለምትጠይቁኝ ሁሉ፣ አሁን ጥቁሩን መልሼ ላስር ስል ገና ጫፉን እንደነካ ብልጭ አለ። ትንሽ ናት፣ ጭስ የለም። ደነገጥሁና ተውሁት። ያጠፋሁት ነገር አለ?


ዳሞት_ኤሌትራውቶ
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 4:20

እንኳን በሰላም መጣሽ፣ ሐምሌ ወር ሙሉ ስጠብቅሽ ነበር። ምንም አላጠፋሽም። ባዶ የነበሩት ኮምፒውተሮችና ሬዲዮው ኮረንቲ ሲያገኙ በአንዴ ነው የሚስቡት፣ ያቺ ብልጭታ እሷ ናት። በር ተከፍቶ የውስጥ መብራት በርቶ ከሆነ ደግሞ ትበዛለች፣ በሮቹን ዝጊያቸው። ባትሪው ወር ሙሉ ቻርጅ ስላልተደረገ አጠገቡ ብዙ ጋዝ አይኖርም፣ ቢሆንም ኮፈኑን ትንሽ አናፍሺውና ፊትሽን መለስ አድርገሽ ማሰሪያውን በአንድ ጊዜ እስከ ታች ጫኚው። መንካት መልቀቅ፣ መንካት መልቀቅ አይሁን። ከዚያ አጥብቂው፣ በእጅሽ ስታዞሪው መንቀሳቀስ የለበትም።


መምህርት_ማርቆስ
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 4:48

በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ስክሪኑም ካርዱን አላወጣሁትም ነበርና ተከፈተ። የሹፌሩ መስኮት ብቻ እንደ ድሮው በአንድ ንክኪ አልዘጋ አለኝ።


የጣና_ዳር
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 4:55

የእኔም እንደዚያ ያደርጋል። መስኮቱን እስከ ላይ ዝጊውና ማብሪያውን ሳትለቂ ጥቂት ሰከንድ ወደ ላይ ይዘሽ ቆዪ። ይመለሳል።


መምህርት_ማርቆስ
ነሐሴ 6፣ ከጠዋቱ 5:01

ተመለሰ።